ያልተከፈተው መዝገበ ቃላት

አሶሳ፣ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1986 ዓ.ም.

ለአዲሱ ክልል መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ለመቅጠር የእንግሊዝኛ ፈታኝ ሆኜ ዋልሁ። ኤ፣ ኢ፣ ኤን፣ አር፣ ኤስ እና ቲ ከሚባሉት ፊደላት ቃላት እንዲመሠርቱ አዘዝሁ። ሐዋ የምትባል የሆሞሻ ሴት «ቴርን» ብላ ጻፈች። እንዲህ ያለ ቃል የለም ብዬ ሰረዝሁት።

«ጋሼ፣ ወፍ ነው! ሱዳን ስደት ላይ ተምሬዋለሁ። መዝገበ ቃላት ፊትህ አለ፤ ክፈት!»

ሠላሳ ዓመት ያስተማርሁትን እኔን! «ደግሞ ከአንቺ ልማር?» አልኋት። ተፈታኞቹ ሳቁባት። በዚያች በአንዲት ቃል ወደቀች።

ቤቴ ገብቼ መዝገበ ቃላቱን ገለጥሁ። ወፍ ነው።

ውጤቱ የሚለጠፈው ነገ ነው፤ ወረቀቱም እኔው ዘንድ አለ። ማረም ይቻላል። ነገር ግን «ይክፈቱ» ሳይሆን «ክፈት» ነው ያለችኝ።