ስለ ህንዳዊው የተሳልኩት ስለት

እንጅባራ
ግንቦት 18 ቀን 2011 ዓ.ም.

ልጄ ሶስና፣ ዓይኔ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? እኔና እናትሽ አለን። ይህን ደብዳቤ ወደ ኩዌት የምትመለሰው ማናለብሽ ታደርስልሻለች። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ጀምሬ አፌ ተሳሰረ። ከደነገጥኩ ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው፤ እስካሁን አልለቀቀኝም። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው ደነገጥኩ ብሎ ሲጽፍ አትሳቂብኝ።

አንቺ በላክሽልን ብር ያሠራነውን ክፍል ስለተከራየው ህንዳዊ፣ ስለ ዩኒቨርሲቲው መምህር ስለ ዶክተር ራጋቫን፣ እናትሽ ነግራሻለች። ሥጋ አይበላ፣ እንቁላል አይነካ፤ "እንደኛ ጾመኛ ነው፣ ፋሲካ ብቻ የለውም" እያለች ታሾፍበታለች። ብርዱ ሲያንዘፈዝፈው ጋቢ የሰጠችውም እሷው ናት። ጠዋት ጠዋት ታጥቦ፣ ከአምላኩ ሥዕል ፊት መብራት አብርቶ፣ ከጓሯችን የቀጠፈውን አበባ አስቀምጦ ይጸልያል።

አንድ ቀን በዚያችው በምታውቂያት እንግሊዝኛዬ "ምንድን ነው የምትለምነው?" አልኩት።

"ምንም" አለኝ።

"ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" የሚለውን እንደምንም ተርጉሜ ነገርኩት። ሳቀና "እናቴም እንደ እርስዎ ናት፣ ጋሽ ውቤ" አለ። እናቱ በየዓርቡ ላክሽሚ ከምትባለው የሀብት እመቤታቸው ፊት ቆማ ቤቱን፣ እህሉን፣ የልጇን ሥራ ትለምናለች። እሱ "አምላክን የምወደው ለራሱ ነው፤ ገበያ አልወጣሁም" ይላታል። እሷ ደግሞ "ልጅ እናቱን ካልለመነ ማንን ይለምናል?" ትለዋለች።

"ታዲያ በሃይማኖታችሁ ልኩ የማን ነው?" አልኩት።

"የሁለታችንም። የቸገረውም ሀብት የፈለገውም ቢመጣ አምላክ አያሳፍረውም ይላሉ አባቶቻችን። እኔ ግን እፈራለሁ፤ የለመንኩት ነገር ምን ይዞብኝ እንደሚመጣ አላውቅማ" አለኝ። በልቤ ሞኝ አልኩት።

የካቲት ላይ ኮንትራቱ ሊያልቅ ሆነ። እናቱ ደግሞ ታመዋል። "ካደሱልኝ እቆያለሁ፣ ካላደሱልኝ እሷ ጋ እሄዳለሁ፤ ለአምላክ ትቼዋለሁ" አለን። እሱ ይተወው እንጂ እኔ አልተውኩም። ቀስ ብዬ ጊዮርጊስ ሄጄ "ይህ ሰው ከቤቴ እንዳይወጣ አድርግልኝ፣ ጥላ አስገባልሃለሁ" ብዬ ተሳልኩ። ወር ሳይሞላ ታደሰለት። ጊዮርጊስ ሰምቶኝ ይሁን መምህር ጠፍቶ እንጃ። ጥላውን ሳስገባ እናትሽ እልል አለች፤ እሱም ምክንያቱን ሳያውቅ አብሮን ቆሞ አጨበጨበ።

ባለፈው ረቡዕ እናቱ ሞቱ።

ልናጽናናው ስንገባ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። መብራቱ አልበራም። አላስችል አለኝና የስለቱን ነገር ዘረገፍኩት። እናትሽ "ኧረ ውቤ!" ብላ ክው አለች።

"ምን ብለው ነበር የለመኑት?" አለኝ።

"እንዳትሄድ ብዬ።"

"ወደውኝ ነው?"

ልዋሽ ነበር፤ አልቻልኩም። "ኪራዩን ወድጄ ነው" አልኩት።

ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ፣ "እናቴም ዓርብ ዓርብ የምትለምነው ይህንኑ ነበር" አለኝ። "ሥራዬ እንዲታደስ። የታደሰልኝ ዕለት 'ተሰማልኝ!' ብላ በስልክ ስትስቅ ነበር።"

ሶስና፣ ያን ጊዜ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ተነስቼ ወጣሁ፤ እናትሽ ለሰውዬው ያዘንኩ መስሏታል። ላንቺም የተሳልኩት አለ። እናትሽ እንኳ አታውቅም። ሁለተኛው ክፍል እስኪከደን ማዳምሽ ሁለት ዓመት እንድትጨምርልሽ ተስያለሁ። ጥቅምት ላይ ደውለሽ "አባ፣ ልምጣ?" ስትይኝ "አይሰማም፣ ኔትወርኩ ነው" ብዬ የዘጋሁት ውሸቴን ነው። ልቅም አድርጌ ሰምቼሻለሁ። ስታለቅሺም ሰምቻለሁ። ያኔ ምን እንደደረሰብሽ አልጠየቅኩሽም። አሁንም መጠየቅ እፈራለሁ፤ ግን እጠይቅሻለሁ።

ትናንት ዶክተሩን ለለቅሶው ወደ አገሩ እንዲበር በሚኒባስ ወደ ባሕር ዳር አሳፈርነው። ይመለስ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ከዚያው በእግሬ ወደ ጊዮርጊስ ሄድኩና "ልጄን መልስልኝ" አልኩት። ጥላም ሻማም ቃል አልገባሁም፤ ባዶ እጄን ነው የለመንኩት።

ሁለት ዓመት የሚጨምር ወረቀት አምጥተው ፈርሚ ቢሉሽ አትፈርሚ። ነይ። የሚሉትን ይበሉ፣ ክፍሉም ሳይከደን ይቅር።

የወጣሽበት እግር በደህና ይመልስሽ። ክፉ ዓይንና ክፉ እጅ ካንቺ ይራቅ።

ሰምቶ እንዳልሰማ የሆነው አባትሽ፣
ውቤ አወቀ