ጉልቤ ቁርስ አልበላም አለ

እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ደረጃውን ስትወጪ ዛሬም በየመሃሉ ትቆሚያለሽ ወይስ ቀለል ብሎሻል? ኪኒንሽን በሰዓቱ እንደምትውጪ ብትምይልኝም አላምንሽም፤ ስለዚህ አልጠይቅሽም። እኛ ደህና ነን። ይህቺን ስጽፍ ብዕሩ እጄ ላይ ከበደኝ፤ ግማሹ ውሸት ስለሆነ ነው።

በስልክ ብነግርሽ ይቀል ነበር። ግን ጉልቤ ድምፅሽን በሰማ ቁጥር ጫማውን ይዞ በሩ ጋ ሄዶ ይቆማል። አንቺ መጥተሽ የምትወስጂው ይመስለዋል፤ ከዚያ እሱን ከበሩ ማንሳት የእኔ ፈንታ ነው። ሰሞኑን ስትደውዪ ተኝቷል የምልሽ ለዚህ ነው። እሁድ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ተኝቷል ስልሽ ምን እንዳሰብሽ እንጃ። ይቅር በይኝ።

ነገሩ ይህ ነው፤ ጉልቤሽ ቁርስ አይበላም። ከአንቺ ጋ ካመጣሁት ስድስት ሳምንት ሆነው፣ እስካሁን ጠዋት ከእጄ አንድ ማንኪያ በወጉ አልዋጠም። ስም አወጣሽለት እንጂ ዛሬ ብታነሺው ድመት ያነሳሽ ነው የሚመስልሽ። ባለፈው ክሊኒክ ስንወስደው ነርሷ ሚዛኑን ሁለቴ አየችና፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሱት፣ እስከዚያ ቁርሱን አታስታጉሉበት አለችን። እኛ ነን የምናስታጉለው እንግዲህ።  ቤት ስንገባ አማችሽ ቀስ ብሎ፣ ካልጨመረ እናትሽ ጋ ይመለስ፣ ልጅ በእልህ አያድግም አለኝ። ክፉ ሆኖ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ እጣላው ነበር። ቀጠሮው ዓርብ ነው፤ ዛሬ ሰኞ ነው።

የምጽፍልሽ ከሥራ ቦታ ነው፣ የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ያልተተኮሰ የአንሶላ ክምር ላይ ተቀምጬ። የምሳ ሰዓት ነው። እዚህ የምንሠራው ሁላችንም ወልደናል፤ ስለዚህ ምክር ሞልቷል። ፎጣ የምታጥፈው እንቁላል በወተት ምቺለት አለችኝ፤ መታሁለት። አንድ ጊዜ አሸተተና ሳህኑን በአንድ ጣቱ ገፋው፣ ማመልከቻ እንደሚመልስ ሹም። ተኳሿ አጃ በሙዝ አለችኝ፤ ሙዙን ከአጃው እየለቀመ ጠረጴዛው ላይ ደረደረው፣ አንዱንም አልቀመሰም። ድንች ቀቀልኩ። ሩዝ በወተት ሠራሁ። ዳቦ በማር ሰጠሁት፤ ማሩን ፀጉሩ ላይ ለቀለቀው፣ ያን ዕለት ራሱን ሳጥብ አውቶቡስ አመለጠኝ። አለቃችን ደግሞ ልጅ የሚበላው በዓይኑ ነው ብላኝ ፓንኬኩን በመኪና ቅርጽ ቆረጥኩለት። ደስ አለው። ድድድድ እያለ ነድቶ ወስዶ ሶፋው ሥር አቆመው። እዚያው ቆሞ ዋለ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ምሳ ላይ መብላቱ ነው። ቀን ልጁን የሚይዙልኝ ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡት አስተማሪ፣ እኔ ጋ እኮ ችግር የለበትም፣ ፊት ለፊት ቁጭ ብለን ጥርግ አድርገን ነው የምንበላው ይሉኛል። እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ፤ ውስጤ ግን እርር ይላል። እምቢ ያለው እንቁላሉን ሳይሆን እኔን ነው ማለት ነዋ።

እውነቱን ንገሪኝ ካልሽ፣ አልፈርድበትም። የሰባት ወር ልጅ ስሰጥሽ ለሦስት ወር ብቻ ብዬሽ ነበር። ሥራ ልያዝ፣ ቤት ላግኝ እያልኩ ሁለት ዓመቱ ደረሰ። ሻንጣውን ስንሸክፍ፣ ጠዋት ጠዋት እኮ እሱ፣ ብለሽ ስትጀምሪ አቋረጥኩሽ። እናቱ እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ አልኩሽ። አንገትሽን ደፍተሽ ካልሲዎቹን ማጣጠፍ ቀጠልሽ። ምን ልትዪኝ እንደነበር ሳስብ አንሶላ አቃጥያለሁ፣ ሁለቴ። ደውዬ ልጠይቅሽ እልና አፌ እሺ አይለኝም። ካቃተሽ መልሽው እንዳትዪኝ ፈርቼ ነው።

ደወሉ ተደወለ፤ ላቁም።

ረቡዕ

ዛሬ አርፍጄ ገባሁ፤ አለቃችን ተቆጥታለች፣ ትቆጣ። ልንገርሽ።

የእንቁላል ሽታ ካስጠላኝ ወር ሊሞላኝ ነው። እንቁላል ብቻም አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት ምንም ነገር ወደ አፌ አይጠጋም። አማችሽ ጨጓራ ነው ይላል፤ ይበል። ጉልቤን የማጎርሰው ፊቴን አዙሬ፣ ትንፋሼን ይዤ ነው። ዛሬ ግን አቃተኝ። አሥራ ሁለት ተኩል ሆኗል፣ አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው፣ እሱ ማንኪያውን እየገፋ ነው። ማንኪያውን ሳህኑ ላይ ጥዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ግንባሬን ጉልበቴ ላይ ደፍቼ። ብላ አላልኩትም። አውሮፕላን መጣ አላልኩትም። 

ከወንበሩ ተንሸራቶ ወረደ። ማንኪያውን ይዞ፣ ግማሹን እንቁላል መንገድ ላይ እያፈሰሰ መጣና ከንፈሬ ላይ አስጠጋው። እናቴ፣ ሁልጊዜም እኮ ይህንኑ ነበር የሚያደርገው። ማንኪያውን ሲገፋ እምቢ ማለቱ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ወደ እኔ ነው የሚገፋው። እኔ ደግሞ አፌን አዞርና፣ አትጫወት፣ ረፈደብኝ እለዋለሁ። እሱም እኔን አይቶ አፉን ያዞራል። እንዲህ ስንዟዟር ነው የከረምነው።

በላሁለት። እንዴት እንደዋጥኩት አትጠይቂኝ፣ እንባዬ መጣ። እስክውጥ ድረስ ጉሮሮዬን ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ የራሱን አፍ ከፈተ። አንድ ለእኔ፣ አንድ ለእሱ፣ ሳህኑ ባዶ ሆነ። ወዲያው ሮጬ ሄጄ የበላሁትን ሁሉ አስመለስኩት። ተከትሎኝ መጥቶ ቀሚሴን ይዞ ቆመ።

ልትነግሪኝ የነበረው ይህን ነው አይደል? አብረሽው ካልበላሽ አይበላም ልትዪኝ ነበር። ሳስበው ምን እንደተሰማኝ ልናዘዝልሽ፤ ቀናሁ። በገዛ ልጄ ቀናሁ። እኔ ልጅ ሳለሁ ጠዋት ስትበዪ አላየሁሽም። ለሁላችንም ዳቦውን አድለሽ፣ ቆመሽ ሻይሽን ፉት ብለሽ ትወጪ ነበር። ከእኔ ጋር አንድ ቀን አልተቀመጥሽም፣ ከእሱ ጋር በየቀኑ ተቀመጥሽ። እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ይህ ሲያንገበግበኝ ሄድኩ። አውቶቡሱ ውስጥ ሰዓቴን ለአሥረኛ ጊዜ ሳይ ግን አንቺም ያኔ በሰላሳ ዓመትሽ ከሰዓት ጋር ስትሯሯጪ ታየሽኝ። ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም፣ አልዋሽሽም። ቀለል ብሎኛል።

ዓርብ

መቶ ግራም ጨምሯል። ነርሷ መቀነሱ ከቆመ ጥሩ ነው፣ ከወር በኋላ መልሱት አለችን። አማችሽ መቶ ግራም እኮ የዳይፐሩ ይሆናል ብሎ ሊቀልድ ሞከረ፤ አልሳቅሁለትም። ትናንት ጠዋት ወለሉ ላይ አብሮን እንዲቀመጥ አድርጌው ነበር፤ ልጁ ተራ አስይዞ አጃውን እያጎረሰ ሸሚዙን አበላሸበት። ከዚያ ወዲህ ይመለስ የሚለውን ነገር አላነሳም። እኔም አላስነሳውም።

ግን ጠዋት ጠዋት እንዲህ እየዋጥኩ እያስመለስኩ እስከ መቼ እንደምችል አላውቅም። አንቺ ትንሽ ጊዜ ነው፣ ያልፋል ትዪኝ ይሆናል፤ ታውቂዋለሽ። ነይልኝ እናቴ። እሱን ልትወስጂ አይደለም፣ እሱን አልሰጥሽም። አብረሽን ቁጭ እንድትዪ ነው። አንድ ጠዋት እኔም አጠገብሽ ልብላ።

መንገዱን ያቅናልሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ከእኛ ዕድሜ ቀንሶ ለአንቺ ይጨምርልሽ።

ስትመጪ፣ ጉልቤ ሰባት ወር ሳይሞላው ይለብሳቸው የነበሩትን ትንንሽ ልብሶች፣ እንዳልጣልሻቸው አውቃለሁ፣ አጥበሽ ይዘሽልኝ ነይ። ለአማችሽ ገና አልነገርኩትም።

ልጅሽ