አረንጓዴ ክር

ጥቅምት 4
ሦስት ዚፕ ቀየርኩ። አንድ ዩኒፎርም አጠበብኩ። መርፌው ላይ ክር ማስገባት ግን... ስድስቴ ሞክሬ አቃተኝ። ጎረቤቴ ፋርማሲስቷ አስገባችልኝ።
«ጋሼ፣ ዓይንዎን ይታዩ እንጂ።»
ታይቻለሁ። የዓይን ሞራ ነው። የአምስት ወር የሱቅ ኪራይ የሚያህል ብር ካመጣሁ ክሊኒኩ በነጋታው ይገፍፍልኛል። ብሩ ስለሌለኝ ለማንም አልተናገርኩም።

ታላቅ እህቴ ከውጭ ደወለች። ሱሪ ስፋልኝ፣ ቀኝ እግሩን በሁለት ጣት አሳጥረው አለች። ለምን? «ፋሽን ነው።» እሺ። ሰማያዊ ቀሚሷ አልቋል፤ ነገ በሰው እልክላታለሁ።

ጥቅምት 19
ቀሚሱ ደርሷት እህቴ ደወለች።
«ቀጮ፣ ዓይንህን ምን ነካው?»
«ምንም።»
«ሰማያዊ ጨርቅ በአረንጓዴ ክር ሰፍተህ?»
«ፋሽን ነው።»
ሳቀች፤ ቆይታ አለቀሰች። አንጀቴን በላችው። ነገርኳት። ከዚያ ጠያቂው እኔ ሆንኩ። ሠላሳ ዓመት ሱሪ ስሰፋ አንድ እግር የሚያሳጥር ፋሽን አላየሁም፤ ምንሽን ነው የሚያምሽ? ዳሌዋን። አጥንቱ ተበልቶ እግሯ አጥሯል። ኦፕራሲዮኑ እዚያ በነጻ ነው፤ ወረፋው ስምንት ወር።
«ላም አለኝ በሰማይ» አልኳት።
«ያንተዋስ ደጅህ ቆማለች፤ መች አለብካት?»
በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኛ ደግሞ ሁለት ደባቂ ከአንድ እናት።

ኅዳር 11
መጣች። በከዘራ እያነከሰች፣ ሳትነግረኝ። ያጠራቀመችውን ገንዘብ ለዓይኔ ይዛ። ተጣላን።
«ለራስሽ አጥንት አታደርጊውም?»
«የኔ በነጻ ነው አልኩህ እኮ። ወረፋዬ የት ይሄድብኛል?»


ኅዳር 16
ክሊኒክ። እህቴ እዚያ የመድን ካርዷን አሳይታ መታከም ነው የለመደችው፤ እዚህ መጀመሪያ ገንዘብ ሲሏት ገረማት።
«ዓይኑን ሳታዩ ቦርሳዬን?»
ገንዘብ ተቀባይዋ ሳቀች። «እማማ፣ አሠራሩ ነው።»
ውስጥ እጄን ይዛኝ ቁጭ አለች። ፈርቼ ነበር። ልጅ ሆኜ ጥርሴን ሲነቅሉኝም የያዘችኝ እሷው ናት።

ኅዳር 17
ፋሻው ተፈታ። መጀመሪያ ያየሁት እሷን ነው። አርጅታለች... መቼ? ቀሚሱን ለብሳዋለች። ወይ ጉድ፣ ክሩ እንደ ሰላጣ አረንጓዴ ነው። ፈትቼ ልስፋው ብላት እምቢ።

ኅዳር 25
የኮቷ ገበር ተቀዶ አይቼ ስጠግነው ደብዳቤ ወጣ። ቋንቋው አልገባኝም፤ ፋርማሲስቷ አነበበችልኝ፤ እዚያ ካለው ሆስፒታሏ ነው። አንድ በሽተኛ ቀርቶ የእህቴ ወረፋ ቀድሞላት ኖሯል። ካልመጣች እንደገና ከመጨረሻ ትሰለፋለች ይላል። የቀጠሮውን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር መለስነው። ኅዳር 16።
እጄን ይዛ የተቀመጠችበት ቀን...
«ለምን አልነገርሽኝም?»
«ብነግርህ ኦፕራሲዮን ትገባ ነበር?»
አልገባም ነበር።
«አሁን ስንት ወር?»
«ያው ስምንት።»
ገበሩን ሰፋሁት። እንባዬን እየጠረግኩ።

ታኅሣሥ 2
ሸኘኋት።
«እኔስ ስታከም እጄን ማን ይይዘኛል?» አለች እየቀለደች።
«እኔ።»
ቀልዷን ተወች።
የፓስፖርት ፎርሙን ራሴ ሞላሁ፣ ያለ ሰው እርዳታ። ሠላሳ ዓመት ለሰው ስሰፋ ለራሴ ደህና ኮት የለኝም። ዛሬ ጨርቅ ቆረጥኩ። ሰማያዊ። ክሩን በአንዴ አስገባሁት።
አረንጓዴ ነው። አሁን ግን አይቼ ነው የመረጥኩት።