ዘይነባን ያስወጣሁበት ምክንያት

ኦክቶ. 14፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት 4፡00

ዛሬ ሦስት ቱር፣ ደብተሬ። እግሬ አልቋል። ያው ምድር ቤት፣ ያው ግድግዳው ላይ የቀረ የብረት ቀለበት። እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው ይህ ቤት ድሮ የባሪያ ነጋዴ ቤት ነበር፤ አሁን እኔ ሰው አስጎበኝበታለሁ። ማስተርሴ እዚህ አደረሰኝ።

ያው ጥያቄም መጣ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ የነበረው ፕሬዚዳንት ባሪያዎችን በአዋጅ ነፃ ያወጣው አምኖበት ነው? እንደ ልማዴ ጨከንኩ። አዋጁ የጦር መሣሪያ ነበር አልኳቸው። የጠላትን እርሻ የሚያርሱ፣ ምሽጉን የሚቆፍሩ እጆች አሉ፤ እነሱን ብትነጥቀው ይደክማል። አውሮፓም ከባሪያ አሳዳሪ ጎን ለመቆም ያፍራል። ለዚህ ነው ያመፁትን ግዛቶች ብቻ የነካው። ሜሪላንድ ስላላመፀች፣ እኔ በማድርበት በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል በዚያ አዋጅ ነፃ የወጣ የለም። ይህን ስናገር የሰው ፊት ይወድቃል። ደስ ይለኛል መሰለኝ።

የአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ፊት ግን አልወደቀም። ታዲያ ቅድመ አያቴ ሂጂ ሲሏት ቆማ ምክንያታቸውን ትጠይቅ ነበር? አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ከጥርስ በላይ።

ኦክቶ. 16፣ ሐሙስ

የእጮኛዬ የሬድዋን ሽማግሌዎች ቃላቸውን አነሱ። ኒካሄ ቀረ። እማዬ ወሬውን አጣርታ መጣች፤ ምንጩ ታላቅ እህቷ፣ አክስቴ ሰዓዳ። ስለ እኔ፣ ኮሌጅ እያለች ከወንድ ጋር ቤት ይዛ ትኖር ነበር ብላለች። ውሸት። ሬድዋን ስልክ አያነሳም።

አክስቴ ግን የልጇን ኒካህ በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ልትደግስ ነው። ስልሳ እንግዳ። ማን ያበስላል? ዘይነባ።

ዘይነባ የአክስቴ ባል ዘመድ ናት፣ ከወሎ ከመጣች ሦስት ዓመቷ። የምትተኛው ቤዝመንት፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ። የእረፍት ቀን የላትም፣ ብቻዋን አትወጣም። እናቷ ልጄን አደራ ብላ ስለላከቻት አክስቴ ፓስፖርቷንም በአደራ ቆልፋበታለች። ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አውቃለሁ። በየዒዱ ያበሰለችውን በልቼ፣ እጅሽ ይባረክ ብዬ ወጥቻለሁ። የተናደድኩት ዛሬ ነው። ቀኑን ያዥልኝ።

ኦክቶ. 18፣ ቅዳሜ

ጠበቃ አገኘሁ። ሴቶች የሚጠጉበት ቤትም አለ፣ እዚያው አሌክሳንድሪያ፤ አልጋ ይይዙላታል። ቀኑን እኔ መረጥኩ። አርብ፣ አክስቴ ጁምዓ ስትሄድ። ቅዳሜ ስልሳ ሰው፣ ባዶ ድስት። መኪና ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ ሳቅሁ።

ኦክቶ. 21፣ ማክሰኞ፣ ማታ 7፡00

በሥርዓት ልጻፈው።

አክስቴ ለልጇ ልብስ ሮክቪል ሄዳለች። ቤዝመንት ወረድኩ። ዘይነባ ፎጣ ታጥፋለች። ዕቅዱን ነገርኳት። ሥራዋን አላቆመችም።

«ለምን አርብ?»

«ቤቱ ባዶ ይሆናላ።»

«ዛሬስ ሞልቷል እንዴ?» ፎጣ አንስቼ ማጠፍ ጀመርኩ። «ባለፈው ረመዷን ትኩሳት ጥሎኝ እዚሁ ተኝቼ መጥተሽ ነበር። ሻይ ሰጥተሽኝ ሄድሽ። ያኔ አርብ የሚባል ቀን አልነበረም?»

ፎጣውን ከእጄ ወሰደች።

«እትዬ ስምሽን ስላጠፉ ነው» አለች። «ይሁን፣ እሄዳለሁ። ለአንቺ ብዬ ነው ብቻ እንዳትዪኝ።»

ፎጣዎቹን ደረደረች። ሙሽራዋ ምን አጠፋች፣ ዛሬ ብሄድ ምግብ ለማዘዝ አራት ቀን አላቸው አለች። ወደ ላይ ወጣች። ፓስፖርቷን ይዛ ወረደች። ቁልፉን ከየት አገኘሽው? አልኳት።

«የሚቀመጥበትን ካወቅሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ደጅ መኪና ይዞ የሚቆም ሰው ነው ያጣሁት።»

ድልድዩን ተሻግረን አሌክሳንድሪያ ያለው የሴቶቹ ቤት አደረስኳት። መኪናዬ ሦስት ዓመት ሙሉ አክስቴ ደጅ ላይ ስትቆም ኖራለች።

ኦክቶ. 23፣ ሐሙስ

አክስቴ ሦስቴ ደወለች። የሰደበችው እማዬን ነው። የዘይነባ ጠበቃ ምስክርነቴን በጽሑፍ ትፈልጋለች፤ ከመቼ ጀምሮ እንደማውቅ። አክስቴ ዘይነባ እንግዳ ነበረች፣ ሥራ የነካችው ለድግሱ ብቻ ነው እያለች ነው። የእኔ ቃል ከሌለ የዘይነባ ቃል ብቻውን ነው። የኢሚግሬሽን ሰዎች ካላመኗት ወደ አገር ቤት ይመልሷታል።

እማዬ አለቀሰች። ዘይነባ የመጣችበት የጥሪ ደብዳቤ ላይ የፈረመችው እሷ ናት። በቅርቡ ነው ያወቅሁት በይ፣ ስሜ አለበት አለችኝ። «በቅርቡ» ብዬ ጻፍኩ። አላክሁትም።

ኦክቶ. 24፣ አርብ፣ ጠዋት

ሥራ አልሄድኩም። እንደገና ጻፍኩት። ሦስት ዓመት። ትኩሳቱን፣ ሻዩን፣ መሄዴን። የጥሪ ደብዳቤውን፣ እማዬ መፈረሟን። ከሥሩ ደግሞ ያስወጣኋት አክስቴን ለመበቀል መሆኑን ጨመርኩ። ለጠበቃዋ በስልክ አነበብኩላት። ሦስት ዓመቱ ዘይነባን ያድናታል፣ በቀሉ ግን ለአክስትሽ ጠበቃ ስጦታ ነው አለች። ለማን ብለሽ ነው የጨመርሽው? ብላ ጠየቀችኝ።

አሰብኩ። ለራሴ። ንጹሕ ለመባል።

ሰረዝኩት። አንቺ ጋ ይቅር፣ ደብተሬ። እዚያ ዘይነባን ይጎዳል፣ እዚህ እኔን ብቻ።

9፡20። ልኬዋለሁ። እማዬ ሳሎን ናት፣ ስሟ መግባቱን አታውቅም። ከሌላ ሰው ከምትሰማው እኔው ልንገራት። መነሳቴ ነው። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም።