የአክስታችን የማህቡባ የጸጉር ጭቃ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሪዳ፤

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለው? የሲሲሊ ባሕር ብርዱ አልበረታብህም? እኛ በጣም ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ ላሚቱም ደህና ናት። አያታችን አባባ ጣይብም ደህና ናቸው፤ ኩራታቸው ብቻ ትንሽ ታሞ ሰንብቷል። ምክንያቱን ስነግርህ መረቡን ከእጅህ እንዳትለቅ።

ባለፈው የጻፍኩልህን የድንጋይ ተመራማሪዋን ዶክተር ሎብናን አልረሳሃቸውም መቼም። በሸለቋችን ድንጋይ ውስጥ የዓለምን ዘመን ለሁለት የሚከፍል መስመር አለ ይላሉ። የዛገ ብረት የመሰለ፣ ከጥፍር የማይወፍር ቀይ መስመር ነው። ከሱ በታች እነዚያ ግዙፍ እንስሳት የኖሩበት ዘመን፣ ከሱ በላይ እነሱና አብዛኛው ፍጥረት ካለቁ ወዲህ ያለው ዘመን። ይህ ወሰን ለዓለም ሁሉ የሚለካበትን አንድ ቦታ ለመምረጥ ሐሙስ ከየአገሩ ሊቃውንት ሊመጡ ነበር። እሑድ የጣለው ዝናብ ግን ገደሉን ናደና መስመሩን ቀበረው። ሐሙስ ካልታየ ክብሩ ለሌላ አገር ነው። ዶክተሯ እህል አልወርድ አላቸው።

ይሄኔ አባባ ተነሡ። ሠላሳ ዓመት የፎስፌት ማዕድን አለቃ የነበረ ሰው እያለ ማን ስለ ድንጋይ ያወራል? የካርታ ጨዋታ ጓደኞቻቸውን ከቡና ቤት አስነሥተው ዶማ አስያዟቸው። ሰኞ አንድ ጉድጓድ፣ ማክሰኞ ሌላ። ረቡዕ በሦስተኛው ያገኙት ሰኞ ራሳቸው የደፉትን አፈር ነው። «ድንጋይ እኔን ያውቀኛል» ይላሉ፤ ድንጋዩ ግን የረሳቸው ይመስላል።

የዚያኑ ቀን አክስታችን ማህቡባ የጸጉር ማጠቢያ ጭቃ አምጪ ብላ ላከችኝ። ከበለሶቹ ጀርባ፣ ወንድ ዝር የማይልበትን የሴቶቹን ጉድጓድ ታውቀዋለህ፤ ማለቴ፣ አታውቀውም። ቸኩዬ ከታች ዝቄ ሄድኩ። ገና በጣቷ እንዳሸችው መልሳ ወረወረችብኝ።

«ይሄማ ከቀዩ መስመር በታች ነው፣ አንቺ ሰነፍ። ጸጉሬን ልትነጪው ነው? ጥርስሽ ላይ ካንቀጫቀጨ ከታች ነው፣ ከሟሟ ከላይ ነው። እናቴ እንዲህ ነው ያስተማረችኝ።»

ቀዩ መስመር ስትል ጆሮዬ ቀጥ አለ። ጭቃውን ሳልታጠብ ሮጬ ዶክተሯን እየጎተትኩ አመጣኋቸው። ወሰኑ ሳይናድ፣ ሳይቆረጥ፣ በሴቶቹ ጉድጓድ ግድግዳ ላይ እንደ ክር ተዘርግቶ ቆሟል። ዶክተሯም ጭቃውን ከላይም ከታችም ቀመሱና ሳቁ። በማጉያ መስተዋት አሳዩኝ፤ ከታች ያለው በጥቃቅን የባሕር ቅርፊት የተሞላ፣ ከላይ ያለው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ባለቅርፊቶቹ ስላለቁ ነው ጭቃው የለሰለሰው አሉኝ። ለካ ሴቶቻችን ያንን ታላቅ እልቂት በጥርሳቸው ሲለዩት ኖረዋል!

ሐሙስ ሊቃውንቱ በጉድጓዱ ዙሪያ ተንበርክከው ዋሉ። ማታ ድምፅ ለመስጠት እጅ ሲያወጡ አንድም የቀረ እጅ አልነበረም፤ የኛ ሸለቆ ተመረጠ። ቦታው ይታጠር ሲባል ግን አክስታችን መሃል ገብታ ቆመች። «ወሰኑን ውሰዱት፣ ጭቃውን ተዉልን» አለች። ተመካከሩና በስተግራ ያለው ግድግዳ የሴቶቹ ሆኖ እንዲቀር በወረቀት ጻፉላት። ወረቀቱን መስተዋቷ ላይ ለጥፋዋለች።

አባባ ደግሞ ለእንግዳው ሁሉ፣ «እኔ ሦስት ቦታ አለመኖሩን ባላረጋግጥ የት ይገኝ ነበር?» እያሉ ኩስኩሱን በሁለት ሰው ድርሻ በሉ። ትናንት ግን ጓሮ ጠርተውኝ፣ ለጢማቸው ከላይኛው ጭቃ ትንሽ እንዳመጣላቸው በጆሮዬ ነገሩኝ።

እማዬ ዓይንህን ትስማለች። አክስታችን ጸጉርህን ተቆረጥ ትልሃለች። አባባ መስመሩን ያገኙት እሳቸው መሆናቸውን ለመርከቡ ሰዎች ሁሉ ንገርልኝ ብለዋል፤ አደራ እንዳትነግር። በፖስታው ውስጥ ሁለት ቁራጭ ጭቃ አለ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ አልጻፍኩበትም። ቅመስና ለይ። ካቃተህ የአባባ የልጅ ልጅ መሆንህን አምናለሁ።

እህትህ ሱማያ

ከፍ፣ ቱኒዝያ
ሚያዝያ 14 ቀን