ያልተባለልሽ እልልታ

ሱሉልታ፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ልጄ ውብአየሁ፣ በስዊድን ብርድ እመቤቴ በመጎናጸፊያዋ ትሸፍንሽ። እኛ ደህና ነን፤ ላሟም ወልዳለች።

ያለቀናቸው ስለሚወለዱ ሕፃናት የምታጠኚውን ወንድምሽ አነበበልኝ። የእናት ደረት ሙቀትና በጠብታ የሚሰጥ ጡት ያድናል ማለትሽ አሳቀኝ፤ አንቺን በሰባት ወር ወልጄ ያተረፍኩሽ በምን መሰለሽ? ያን ቀን የአባትሽ እህት ደጊቱ፣ «ለማታድር ልጅ እልል አይባልም» ብላ ሴቶቹን ዝም አሰኘቻቸው። ለሴት ልጅ የሚገባውን ሦስት እልልታ ነፈገችሽ። ሃያ ስድስት ዓመት በሆዴ ይዤዋለሁ።

በቀደም የእሷም የልጅ ልጅ በሰባት ወር ተወለደችና እያለቀሰች መጣች፤ «ማሎ፣ ያንቺን እንዳተረፍሽ አትርፊልኝ!» ሕፃኗ ምን አጠፋች? ሮጬ ሄጄ ከእናቷ ደረት አጣበቅኋት፤ የታለበውን ጡት በጥጥ አንጠባጠብኩላት። ደጊቱን ግን ከገዛ ቤቷ ደጅ አቆምኳት። «የልጄን እልልታ ሳትመልሺ አትገቢም» አልኳት። ሦስት ጊዜ እልል አለች። ጎረቤት ተሰብስቦ «ማን ተወለደ?» ቢል፣ «የእኔዋ ውብአየሁ» አልኩ።

ሕፃኗ ዛሬ መጥባት ጀምራለች። አንቺንም አምላክ በሰላም ለደጄ ያብቃሽ። የምትመጪበትን ቀን ብቻ አስቀድመሽ ጻፊልኝ፤ ደጊቱ ጉሮሮዋን ታዘጋጅ።

እናትሽ አትክልት