በመናፈሻው በር ላይ ያለው ዛፋችን

ፈርጋና፣ ሐሙስ፣ ለናቭሩዝ በዓል አራት ቀን ሲቀረው

ለውድ አባቴ፣ ካዛን

እንደምን ሰነበቱ? የካዛን ብርድ በረታ ሲሉ ሰምቼ አሳቤ እርስዎ ጋ ነው። እናቴ ደህና ናት። እኔ ግን ግራ ገብቶኛል፤ ማንን መቆጣት እንዳለብኝ እንኳ አላውቅም።

መናፈሻውን ለገበያ አዳራሽ ሊያፈርሱት ነው። አያቴና ጎረቤቶቻቸው በየቤቱ ስም አንድ አንድ ዛፍ እያደረጉ በደቦ የተከሉትን! ቤታችን ስለማይበቃ ለቅሶ የምንቀመጠው እዚያ፣ የናቭሩዝ ድስት የምንጥደው እዚያ። በሩ ላይ ያለው የእኛ ቤት ዛፍ ነው፤ እሱ ሳይወድቅ ማሽን አይገባም። የአንድ ቤት ዛፍ ደግሞ አባወራው ሳይፈቅድ አይቆረጥም። ይህን ተማምኜ ማክሰኞ ከቆራጮቹ ፊት ቆምኩ።

የሰፈሩ ሊቀመንበር ኤርጋሽ አካ መጡ። አባቴ አልፈቀዱም አልኳቸው። ሳቁ።

"አንቺ ልጅ፣ የታሪክ አስተማሪ አይደለሽ? እንኪ፣ አንብቢው።"

የዛፉ መቁረጫ ፈቃድ ነው፤ ከሥሩ ያለው የእርስዎ ፊርማ ነበር። ጀግናችን ሲሉኝ የነበሩት የመናፈሻው ቼዝ ተጫዋች ሽማግሌዎች አቀረቀሩ። አንዱ ብቻ፣ "መጀመሪያ ቤትሽን ብትጠይቂ ምን ነበረበት?" አሉኝ።

አስመስለው ፈርመው ነው ብዬ ጮህኩ። ቤት ገብቼ እናቴን ብጠይቃት፣ "ሻይሽን ጠጪ" አለችኝ።

ቀኑን ግን አይቼዋለሁ። የተፈረመው እኔ በተቀጠርኩበት ሳምንት ነው። የቅጥር ደብዳቤዬን ቤት ድረስ ያመጡት ኤርጋሽ አካ ነበሩ። እርስዎ ግንባሬን ስመው፣ "በውጤትሽ ነው" ብለውኝ ነበር። በውጤቴ አልነበረም? ወይስ ውጤቴ ብቻውን አልበቃ አለ? ላመስግንዎ ወይስ ልቀየምዎ?

አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። ዛፉ እስካልተቆረጠ ድረስ አባወራው ቃሉን መመለስ ይችላል። ቆራጮቹ የሚመለሱት ከበዓሉ በኋላ ነው። ዛሬ ጠዋት ሥራዬን ለቅቄ የመልቀቂያውን ግልባጭ ለኤርጋሽ አካ በእጃቸው ሰጠኋቸው። አብደሻል አሉኝ። እንግዲህ ከእሳቸው የተቀበልነው ነገር ቤታችን ውስጥ የለም። ፈቃዴን አንስቻለሁ ብለው ሁለት መስመር ይጻፉልኝ።

ባይጽፉም፣ ፊርማው የአባቴ አይደለም ማለቴን አልተውም።

ፈጣሪ እጅዎን ይባርክልኝ፤ በደህና አገርዎ ያግባልኝ።

ልጅዎ ዙልሁሞር